ለልጄ ልብ ለደከማችሁልኝ ሁሉ

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ ቤቷ ገብታለች። የሆነውን ስለምታውቁት አልደግመውም፤ ሦስት ትራስ ተደግፋ፣ ቁጭ ብላ ስታድር ያያችሁ ናችሁ።

ከሁሉ በፊት አንቺን ላመስግን፣ ልብን በስክሪን የምታሳይው የኢኮ ክፍሏ ሲስተር። ስሜ እንዳይጠራ ስላልሽኝ አልጠራውም። «ቫልቩ ያፈሳል» ሲሉኝ ሳይገባኝ ራሴን ስነቀንቅ ያየሽኝ አንቺ ነሽ። ምሳሽን ትተሽ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞርሽልኝ። «ይዩት እናቴ፤ ልብ ሲላላ ከሳንባ የመጣው ደም ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው ይወርዳል። ታችኛው ሲጨመቅ ይኼኛው በር፣ ቫልቩ፣ ይዘጋል፣ ወደ ሰውነት የሚያስወጣው ይከፈታል።» በጆሮ የምንሰማው «ድም ድም» የበሮቹ መዘጋት ነው አልሽኝ፤ መጀመሪያ የመግቢያዎቹ፣ ቀጥሎ የመውጫዎቹ። የልጄ የግራው መግቢያ ግን አልገጥም ብሎ፣ ልቧ በጨመቀ ቁጥር ከፊሉ ደም ወደ ሳንባዋ አቅጣጫ ይመለስ ነበር። ስክሪኑ ላይ ደሙ ወደ ኋላ ሲረጭ የሚታየውን ቀለም በጣትሽ አሳየሽኝ። ጋደም ስትል ለምን እንደምትታፈን ያኔ ገባኝ። ውኃ ቅጂ ብዬ ልኬያት ደረጃው ላይ ቁጭ ስትል የተቆጣሁበት ቀን አለ። ልጄ፣ ይቅር በይኝ።

«ታዲያ ልብ መቼ ያርፋል?» ስልሽም አልሰለቸሽም። በቀን 100,000 ጊዜ ያህል እየመታ፣ የሚያርፈው በምትና በምት መካከል ነው አልሽኝ፤ ለራሱ የሚሆነው ደምም በብዛት የሚደርሰው ያኔ፣ ሲላላ ነው። ይህን ያህል ለማላውቅ ሴት ማን ያስረዳል?

የኦፕራሲዮኑ ቀን ተረኛ አልነበርሽም። መጣሽ። ልቧን አቁመው ደሟን በማሽን ሲያዞሩ ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዘሽ ቆየሽ። ገብተሽ ወጣሽና «ልቧ ተነሣ» አልሽኝ። እግሬ ከዳኝ። የወለድሽው ይባረክልሽ፣ እኔ ሌላ ምን አለኝ።

ቀዶ ሕክምናውን የሠራችሁ ሐኪሞች፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርሶች፣ ደም የለገሳችሁ፣ እድርተኞቻችን፣ ከአሜሪካ ያዋጣችሁ ዘመዶች፣ እጃችሁ ይባረክ። ስማችሁ የቀረባችሁ ብዙ ናችሁ፤ ምሳ ዕቃ ስታመላልሱ የከረማችሁ እንኳ ሁላችሁም አልታወሳችሁኝም። አትቀየሙኝ፣ ልቤ ገና አልተረጋጋም።

ደም ማቅጠኛዋን ማታ ማታ ትውጣለች፤ ፔኒሲሊኗንም በየወሩ ትወጋለች። አዲሱ ቫልቭ ሰው ሠራሽ ስለሆነ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ይሰማል። አጠገቧ ሆኜ እሰማዋለሁ። አሁን የምትተኛው በአንድ ትራስ ነው።