ስትመለሺ አዋሽ ላይ ውረጂ

ውድ ልጄ፣

ትናንት ስልክ ላይ «አዋሽን በመስኮት አየሁት፣ ምንም የለም» ስትዪኝ ሆዴ ባባ። አልፈርድብሽም። አንቺ የተሳፈርሽው በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። የኔ ጣቢያ የድሮው መስመር ላይ ነው፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ብቻ የሆነው።

አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ከጅቡቲ የሚነሳውን ሐዲድ እንዲዘረጋ ፈቃድ ሰጡ። በ1895 ባቡሩ ድሬዳዋ ገባ። አዲስ አበባ እስኪደርስ 1909 ሆነ። ይህንን ትምህርት ቤት ተምረሽዋል። አዋሽ ለምን ከተማ እንደሆነች ግን ማንም አልነገረሽም።

ድሮ ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነው፤ 3 ቀን ይፈጃል። አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ ያድራል፣ ሌላውን አዋሽ። በቃ፣ ከተማችንን የፈጠራት ይኸው ነው። መንገደኛ ሲያድር ይርበዋል፣ ጎኑን የሚያሳርፍበት ይፈልጋል። ቡፌው፣ የጣቢያው ምግብ ቤትና ማደሪያ፣ የተከፈተው ለዚያ ነው። ቡፌው ዘንድ መግባት ያልቻለው ደግሞ እኛ ዘንድ ይመጣል።

እኔ ስወለድ አዳሩ ቀርቶ ነበር፤ ባቡሩ ግን ይቆማል። አያትሽ እኔን ያሳደገችኝ በፉርጎዎቹ መስኮት ሥር ሻይና የተቀቀለ እንቁላል እየሸጠች ነው። ፊደል አልቆጠረችም። ዋጋ ግን በፈረንሳይኛ ትጠራ ነበር! ባቡሩ ሲዘገይ እንቁላሉ እንዳይቀዘቅዝ በነጠላዋ ጠቅልላ እቅፏ ውስጥ ትይዘዋለች። እኔ ከጎኗ ሆኜ የሻዩን ብርጭቆ አጥባለሁ።

በጥር 1977 ባቡሩ አዋሽ አጠገብ ድልድዩ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ያን ቀን የሰማሁትን ለቅሶ አልጽፍልሽም። አያትሽ ወር ሙሉ ጣቢያው አልሄደችም። ከዚያ አንድ ጠዋት ምንም ሳትናገር እሳቷን አያያዘች።

ኋላ ባቡሩ እየሳሳ ሄዶ ቀረ። እሷ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ከደጃፍ ወጥታ ወደ ሐዲዱ ታይ ነበር።

ስትመለሺ አዋሽ ላይ ውረጂ። ባጃጅ ያዢና «አሮጌው ባቡር ጣቢያ» በይው። ከበሩ በስተግራ ጥላ ያለበት ግድግዳ አለ። የአያትሽ ቦታ እሱ ነበር። ትንሽ ቁሚበትና ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

እናትሽ