ስልክህን ይዘህ አትተኛ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከረምክልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትህ ስኳርም ወርዶለታል፤ ስለሱ አታስብ።

እህትህ ሁሉንም ነግራኛለች። እንዳትቆጣት፤ ጨቅጭቄ ያወጣጣኋት እኔ ነኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ላይቭ ስትሰማ ቆይተህ በዚያው ዓይንህ ሥራ ትገባለህ አለችኝ። ከአጎትህ ልጅ ጋርም በአንድ ፖስት ተጣልታችሁ ብሎክ ተደራርጋችኋል። ይሄ አሳዝኖኛል። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። የጎረቤታችንን የእማማን መርዶ ስትነግርህ "እሺ" ብለህ ወደ ስልክህ ተመለስክ አሉ። እኔ ማስተማር ስሄድ አዝለው ያሳደጉህ እኚያ እማማ! "ድሮ በየዜናው አለቅስ ነበር፤ አሁን ምንም አይሰማኝም" ማለትህንም ሰማሁ።

ልጄ፣ መቆጣትህ አላስፈራኝም። ወገኑ ሲሞት የማይቆጣ ልጅ አላሳደግኩም። የፈራሁት ዓመት ሙሉ በማታውቀው ሰው ጩኸት ስትንገበገብ ኖረህ፣ ለምታውቀው ሰው የሚሆን እንባ እንዳታጣ ነው። ይኸው አጣህ።

ስለዚህ ስልክህን ይዘህ አትተኛ። ነገውኑ የማንቂያ ሰዓት ግዛ፤ ርካሹ፣ ባለ ባትሪው ይበቃል። ስልኩን ማድ ቤት ቻርጅ ላይ ሰክተህ፣ በሩን ዘግተህ ተኛ። "ለአላርም ነው" የምትለውን ሰበብ አውቀዋለሁ።

አባትህም ዜና ወዳድ እንደነበረ ታውቃለህ። አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቶ ያነብ ነበር። አንዱን ይመልስና ሌላውን ይወስዳል። ማታ የጀርመን ድምፅን፣ ከዚያ የአሜሪካ ድምፅን ይሰማል። ያን ሰዓት ማንኪያ እንኳ ካንኳኳን ወየውልን! ግን ሰዓቱ ሲሞላ ዝግጅቱ ያልቅና ሬዲዮው ይዘጋል። ያንተ ማለቂያ የለውም። ጣትህን በገፋህ ቁጥር ሌላ ይመጣል፤ እንዳያልቅ ሆኖ ነው የተሠራው።

ደግሞ ቁጣህ ለሰው ገበያ ነው። እንደ ፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ ፌስቡክ አንዷን የተቆጣች ፊት ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ አድርጎ ይቆጥራት እንደነበር፣ በ2021 የወጡት የድርጅቱ የውስጥ ሰነዶች አሳይተዋል። ዋጋዋን ዜሮ ያደረጉት በ2020 ነው። እስከዚያ ድረስ ያናደደህ ጽሑፍ ለሌላውም ቶሎ ይደርስ ነበር ማለት ነው። ቲክቶክ ላይ ሌሊቱን የሚያስጮኹህም ጽጌረዳና አንበሳ በስጦታ ሲወረወርላቸው ገንዘብ ይቆጥራሉ። አንተ ምን አገኘህ? የጨጓራ መድኃኒት።

የደሴውን አልረሳህም መቼም። ጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከተማዋ ስትያዝ ስልክ ጠፋ። አክስትህ አትገኝም። አንተ በእኩለ ሌሊት ደውለህ "ሰፈራቸው አልቋል፣ ላይቭ ላይ ሰማሁ" አልከኝ። ያ ሰውዬ የሚያወራው ከባሕር ማዶ ነው። እዚያ ያሉት መናገር አይችሉም፤ እሱ ግን ሰፈር በሰፈር ይቆጥራል። እኔ ነጠላዬን ዘቅዝቄ አለቀስኩ። ኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ስትለቀቅ አክስትህ በሕይወት አለች፤ ሰፈሩም አለ። ሰውዬው ይቅርታ አላለም፤ ወደ ሌላ ከተማ አለፈ። በዚያው በጥቅምት ባሕር ዳር ደጃፋቸው ላይ የተገደሉትን የኬሚስትሪ ፕሮፌሰርም አስታውስ። ስማቸውና ፎቶአቸው አስቀድሞ ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ነበር። ልጃቸው ድርጅቱን ናይሮቢ ፍርድ ቤት የከሰሰው ለዚህ ነው። እነዚያን ጽሑፎች ሼር ያደረጉ ሰዎች ሁሉ ክፉዎች አይመስሉኝም። ብዙዎቹ እንዳንተ ሌሊት ያልተኙ ናቸው።

የአስከሬን ፎቶ ደግሞ በጭራሽ አታስተላልፍ። ያ ሰው እናት አለችው። መርዶዋን ካንተ ገጽ ላይ አትስማ።

አሁን ያልነገርኩህን ልንገርህ። አባትህና አጎትህ ለምን እንደተኳረፉ ልጅ ስለነበርክ አልገባህም። በ1997 ምርጫ አጎትህ ሚያዝያ 29 ለኢሕአዴግ ሰልፍ መስቀል አደባባይ ወጣ፤ አባትህ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ለቅንጅት ሰልፍ ወጣ። ለግንቦት ልደታ ሁላችንም ደጅ ተሰብስበናል፣ ንፍሮው ቀርቧል፣ ሳህን የምታዞረው አንተ ነህ። አጎትህ አንድ ቃል ተናገረ። አባትህ ከዚያ የባሰ መለሰ። አንድ ጡት የጠቡ ወንድማማቾች! አጎትህ ሳህኑን መሬት አስቀምጦ ልጆቹን ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ቢተያዩም ሰላምታ የለም። በ1998 ክረምት እኔና የአጎትህ ሚስት ተመካክረን "ፍልሰታ ይፈታና ሽማግሌ እንልካለን" ተባባልን። ፍልሰታ ሳይፈታ አጎትህ ሞተ። አባትህ ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ፣ ሰው ሲያጽናናው "እኔን አይደለም፣ እኔን አይደለም" ይል ነበር። ፓርላማ የገቡትም ያልገቡትም ለቅሶ አልደረሱንም። አባትህ እስከ ዛሬ በግንቦት ልደታ ንፍሮ አይቀምስም። አሁን አንተ ብሎክ ያደረግከው የዚያን ሰው ልጅ ነው።

አገር አያገባህም አልልህም። ያገባሃል። ግን በቀን አንዴ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሁለት የምታምናቸውን ቦታዎች አንብብና ዝጋው። የሚጮኸውን ተወው፤ የተጻፈውን አንብብ። ፎቶ ስታይ መቼና የት እንደተነሳ ጠይቅ። ስለ ደሴ ለማወቅ አክስትህ ዘንድ ደውል፤ ስልኳ አሁን ይሠራል፣ ድምፅህም ናፍቋታል። በተናደድክበት ሰዓት ምንም አትጻፍ። ስልክህን ይዘህም አትተኛ። ሦስተኛ ጊዜ መናገሬ ነው፤ አራተኛውን ለአባትህ ነው የምተወው።

በሰው የላክሁልህን በርበሬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠው። ሽሮው ግን ደረቅ ቦታ ይሁን። ምግብ እየበላህ ስልክ አትይ። ቅዳሜ ከቤት ውጣ፤ ኳስ ትጫወት የነበረበትን ሜዳ አትተወው።

ለእማማ ልጆች ደውለህ አጽናናቸው። የምትለው ባይመጣልህም ደውል። የአጎትህን ልጅ ደግሞ ዛሬውኑ ብሎኩን አንሳለት። ማን ይጀምር ብላችሁ እንዳትጠባበቁ፤ አንተ ጀምር። ቁጥሩን አጥፍተኸው ከሆነ ከእህትህ ውሰድ።

እናትህ