ሜካፕ ሊቀባ ላሰበው ሙሽራ ልጄ

የኔ ጌታ፣

አባትህ ስልኩን ጆሮህ ላይ ዘጋብህ አሉ። «ወንድ ልጅ ተኳኩሎ ሊዳር!» እያለ ቤቱን ሲያተራምስ አመሸ። እኔ ዝም አልኩት። ላንተ ግን ልጻፍልህ።

ለምን እንደምትቀባ ገብቶኛል። የካሜራ መብራት ፊት ላይ ሲያርፍ ወዙ ያብለጨልጫል፤ ብጉር ትቶት የሄደው ጥቁር ነጥብም ጎልቶ ይወጣል። ቴሌቪዥን ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ ወንዶችም ፓውደር ሳይነካቸው አይቀመጡም።

አባትህ «የኛ ወንድ እንዲህ አልነበረም» ይላል። የትኛው የኛ ወንድ? ሳሎን ሰቅሎ የሚኮራባቸው ዐፄ ቴዎድሮስ እኮ ሹሩባ የተሠሩ ናቸው። መቅደላ ላይ እንግሊዞች ቆርጠው የወሰዱት ፀጉራቸው በ2011 ዓ.ም. ከለንደን ሲመለስ፣ አባትህ ዜናውን እያየ እንባው መጥቶ ነበር። ያንኑ ሹሩባ ያንተ እኩያ ቢሠራው «ዱርዬ» ነው። አፋር ጎረምሳው ፀጉሩን ቅቤ ቀብቶ ይጠቀልላል። ኦሞ ዳር የካሮ ወንድ ገላውን በነጭ ኖራ ያዥጎረጉራል። እስቲ ሄዶ ሴታሴት ይበላቸው!

ደግሞ እሱ ራሱ! ፀጉር ቤት ሄዶ ጺሙን ጥቁር ቀለም የሚያስቀባው ማን ሆነና? «ሽበት መሸፈን ሌላ ነው» ይለኛል። እሺ ብዬዋለሁ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ባለፈው መታጠቢያ ቤት የረሳሃትን ክሬም አገኘኋት። ለሠርጉ ፊትህን ልታቀላ ነው? መነጽሬን አድርጌ ጀርባዋን አነበብኩ፤ ክሎቤታሶል ይላል። ይህ ሐኪም ለቆዳ በሽታ ለአጭር ጊዜ የሚያዘው ብርቱ ስቴሮይድ ነው። ፊት ላይ ሲዘወተር ቆዳ ያሳሳል፣ ደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር ያፈላል። ሲተዉት ደግሞ ፊት እሳት መስሎ ያቃጥላል፤ ሰው መላቀቅ የሚያቅተው ለዚህ ነው። ሜርኩሪ ያለባቸው ማቅያ ክሬሞችም አሉ፤ እሱ በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል። «ካሎሜል» የሚል ካየህ ሜርኩሪ ነው። ምንም ሳይጻፍበት ተበጥብጦ የሚሸጠውንማ እንዳትነካው።

አባትህ ያን ሁሉ የጮኸው በውሃ ለሚለቅ ፋውንዴሽን ነው። ይቺ ክሬም አጠገቡ ተቀምጣ ግን ዞር ብሎም አላያትም።

ስትቀባት ከርመህ ከሆነ በራስህ ድንገት አታቁም፤ ነገ ዛሬ ሳትል ቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ። ደግሞ ልጅቷ የወደደችው ጠይሙን ነው፤ ቀዩን ከየት ታውቀዋለች?

ሜካፕ ሠሪዋን ከመልክህ ቀላ ያለ እንዳትቀባህ ንገራት። የጎረቤታችን ልጅ ፊቱ ሌላ አንገቱ ሌላ ሆኖ አልበም ላይ ቀርቷል። ሳምንት ቀደም ብለህ አስሞክር፤ የሚያሳክክህ ነገር ካለ ያኔ ይታወቃል።

አባትህን ለእኔ ተወው። ሐሙስ ሱፉን ሊለካ ስንሄድ መንገድ ላይ አዋራዋለሁ።

እናትህ