ሁትኪንስ በአንድ ፊልም ብቻ አይመዘን

ለአዘጋጁ፣

ስለ ረዳት ተዋንያን ያወጣችሁት ጽሑፍ፣ በዳላስ ተወልዶ ትወናን ለንደን የተማረውን ዊልያም ሁትኪንስን የሚያነሣው እ.ኤ.አ. በ1977 ለእይታ በበቃው «ስታር ዋርስ» ውስጥ ባለው አጭር ሚና ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ታላላቅ የአሜሪካ ፊልሞች በእንግሊዝ ስቱዲዮዎች ይቀረጹ ስለነበር፣ እዚያው የሚኖር አሜሪካዊ ተዋናይ ተፈላጊ ነበር፤ ስለዚህ የሁትኪንስን ሥራ የዕድል ውጤት አድርጎ ማየት ያስቸግራል። ይበልጥ የሚያስቆጨው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 በለንደኑ ሮያል ኮርት ቲያትር አልፍሬድ ሂችኮክን ሆኖ መጫወቱ መዘለሉ ነው፤ እንግሊዛዊውን የፊልም ሰው በገዛ አገሩ ተመልካች ፊት እንዲወክል የቴክሳስ ተወላጅ መመረጡ (የሰውነት ግዝፈቱ ሳያግዝ ባይቀርም) ስለ ችሎታው ብዙ ይናገራል። ዝግጅት ክፍሉ በሚቀጥለው እትም የመድረክ ሥራዎቹን ከነዓመታቸው ቢያወጣ ጉድለቱ ይታረማል።

አንድ አንባቢ