ጓንት የእጅ መታጠብን አይተካም

ለአዘጋጁ፦

ሆስፒታል ውስጥ ስለሚያዝ ኢንፌክሽን ያወጣችሁት ጽሑፍ መድኃኒት በተላመዱ ጀርሞች ላይ አተኩሯል። የጓንት ነገር ግን ተዘልሏል።

ሰሞኑን እናቴን ላስታምም መሃል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል 5 ቀን ሰንብቻለሁ። ነርሷ ታታሪ ናት። ሆኖም የጎረቤት ታካሚን የሽንት ከረጢት ደፍታ፣ በዚያው ጓንት እናቴ ክንድ ላይ የተተከለውን የግሉኮስ መርፌ ነካካች። ጓንቱ የነርሷን እጅ ጠበቀ፤ የእናቴን ደም ሥር ግን አልጠበቀም። የዓለም ጤና ድርጅት እጅ የሚጸዳባቸው 5 ጊዜያት ብሎ ካስቀመጣቸው አንዱ የሰውነት ፈሳሽ ከነኩ በኋላ ነው። ጓንት ተደረገ ተብሎ ይህ አይቀርም። በአልኮል ማሸት የሚፈጀው ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ነው።

ነርሷን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም። ለክፍሉ ያለው አንድ ቧንቧ ነው፤ እሱም ከሰዓት በኋላ ጠብ አይልለትም። እጅ ቆሽሾ ከታየ ደግሞ ሳኒታይዘር አይበቃም፤ ውሃና ሳሙና የግድ ነው። (እኛም ጠያቂዎች ከታክሲ ወርደን በቀጥታ በሽተኛ እንጨብጣለን።)

ስለዚህ በየአልጋው ራስጌ የሳኒታይዘር ጠርሙስ ይሰቀል፤ ፈረቃ በተቀየረ ቁጥር መሙላቱን የሚያይ ሰው ይመደብ። ውሃ ለሚጠፋበት ሰዓት ቧንቧ ያለው በርሜል ከነሳሙናው ይቀመጥ። በሩ ላይም «እጅዎን አጽድተዋል? ብለው ይጠይቁን» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍ። እኔ ያን ዕለት ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ።

አንድ አስታማሚ፣ ከአራት ኪሎ