ምርቃቱ ሳይቆረጥ፦ ለቱሉ ዲምቱ የቤተሰብ ዲቪዲዎች ማዳኛ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች፣ የእድራችን አባላት፣ በውጭ ያላችሁ ልጆቻችን፤ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ባለፈው ጥር ከብሎካችን አንዲት እናት ዲቪዲ ይዘው መጡ። በፌስታል አድርገው፣ ፌስታሉን ደግሞ በነጠላ ጠቅልለውታል። የልጃቸው ሰርግ ነው። በ2001 ዓ.ም. ልደታ፣ ያኔ በሚኖሩበት ግቢ የተቀረፀ። ቤቱ ፈርሷል፣ ባለቤታቸውም አርፈዋል። ዲስኩን ላፕቶፕ ውስጥ ከተትነው። ድንኳኑ ታየ፣ ሚዜዎቹ ታዩ፣ ከግቢው በር አጠገብ የነበረችው ኮባ እንኳን ሳትቀር ታየች። መጨረሻው ላይ ባለቤታቸው ጋቢ ደርበው ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆመዋል። ሊመርቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ምስሉ ቀጥ አለ። እናታችን ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ፣ "ድምፃቸውን ብቻ እንኳን አታወጡልኝም?" አሉን።

ያን ቀን ማውጣት አልቻልንም። ይህን ጥሪ የምንጽፈውም ለዚህ ነው።

አብዛኞቻችን እዚህ የመጣነው ከመሃል ከተማ ነው። ከልደታ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ። እቃችንን በአይሱዙ ጭነን ስንመጣ ሰፈሩን ይዘን መምጣት አልቻልንም። ይዘን የመጣነው ዲቪዲውን ነው። ሰርግ፣ መልስ፣ ክርስትና፣ የልጅ ምርቃት፣ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. የሚሌኒየሙ ለት በየግቢው የተቀረፀው ጭፈራ። የፈረሰው ቤት በረንዳ፣ የድሮ ጎረቤት ሳቅ፣ ዛሬ የሌሉ ሰዎች አረማመድ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ለብዙዎቻችን ደግሞ ሌላ ቅጂ የለም።

ዲቪዲ ዘላለም የሚኖር ይመስለን ነበር። አይኖርም። በፋብሪካ ተሠርቶ የሚሸጠው ዲስክ መረጃው ፕላስቲኩ ላይ እንደ ማኅተም ታትሞበት ነው የሚወጣው። ቪዲዮ ቀራጩ በኮምፒውተሩ ጽፎ የሰጠን ግን ሌላ ነው። እሱ ውስጥ ስስ ቀለም አለ፤ ሌዘሩ ቀለሙን እያቃጠለ ነው ሰርጋችንን የጻፈው። ከጀርባው ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ለዚህ ነው። ቀለሙ ደግሞ ሙቀት፣ ፀሐይና እርጥበት አይወድም። ቴሌቪዥኑ ላይ፣ መስኮት አጠገብ ለዓመታት የተቀመጠ ዲስክ አንድም ጭረት ሳይኖርበት ሊሞት ይችላል።

የእናታችን ዲስክ ምርቃቱ ላይ መቆሙም ምክንያት አለው። ዲቪዲ የሚጻፈውም የሚነበበውም ከመሃል ወደ ዳር ነው። የሙሽራው መውጫ መሃሉ ላይ ነው፤ የመጨረሻው ሰዓት ዳሩ ላይ። ዲስኩን ስንይዝ ደግሞ ጣታችን የሚያርፈው ዳሩ ላይ ነው። ላቡም፣ አቧራውም፣ ጭረቱም መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ስለዚህ እስከ ጠርዙ የተሞላ ዲስክ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ጀምሮ ይጠፋል። በእኛ ሰርግ መጨረሻው ላይ ያለው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ይህን ጥሪ የምጽፈው እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት በራሴ ጉዳት ነው። የአባቴ ድምፅ ያለበት አንድ ዲቪዲ ነበረን። "ወደ ፍላሽ እንገለብጣለን" ለሚል አንድ ስቱዲዮ ሰጠሁ። ፍላሹን ቤት ወስጄ ስከፍተው የአባቴ ፊት ወደ ጎን ተለጥጧል። የጠባቡን የድሮ ካሜራ ምስል ለሰፊ ቴሌቪዥን ብለው ጎትተውታል። ድምፁ ከከንፈሩ ኋላ ኋላ ይከተላል። ከታች በኩል የስቱዲዮው ማስታወቂያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያልፋል። ዋናውን ዲስክ መልሱልኝ ብል "ፈልገን እንደውላለን" አሉ። ሁለት ዓመት አለፈው። የቀረኝ ያው የተለጠጠው ነው። እሱንም ቢሆን አልጣልኩትም።

ከዚያ በኋላ ከሁለት የሰፈር ልጆች ጋር ሆነን በራሳችን መሥራት ጀመርን። በአንድ ያገለገለ ላፕቶፕ 23 ዲስክ አወጣን። 24ኛው ላይ የላፕቶፑ ዲስክ ማንበቢያ ሞተ። ዛሬ የሚሸጡት ላፕቶፖች አብዛኞቹ ጭራሽ ማንበቢያ የላቸውም። ቤታችሁ ያለው ዴክም የሚሠራ ከሆነ እድለኞች ናችሁ።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ገንዘባችሁ የት እንደሚገባ ማወቅ አለባችሁ። ተራ ኮምፒውተር ፋይል ሲገለብጥ አንድ የተበላሸ ቦታ ካጋጠመው ይቆምና ሙሉውን ይተወዋል። እኛ የምንጠቀምበት ዲዲሬስኪው የሚባል ፕሮግራም እንዲህ አያደርግም። መጀመሪያ ጤነኛውን ሁሉ ይሰበስባል፣ የተበላሸውን ቦታ ይመዘግባል፣ ከዚያ እየተመለሰ ደጋግሞ ይሞክራል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ካቆመበት ይቀጥላል። ጤነኛ ዲስክ በሩብ ሰዓት ገደማ ያልቃል። የተጎዳው ሌሊቱን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። አንዱ ማንበቢያ ያቃተውን ሌላው ሊያነበው ይችላል፤ ሁለት የተለያዩ ማንበቢያዎች ልንገዛ ያሰብነው ለዚህ ነው።

ከዚያ ሃንድብሬክ በሚባል ፕሮግራም ስልክና ቴሌቪዥን ወደሚያውቀው ኤምፒ4 እንቀይረዋለን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ አንድ ነገር አለ። የድሮው ካሜራ በሰከንድ 25 ምስል ይቀርፃል፤ እያንዳንዱን ግን ለሁለት ከፍሎ ነው፤ አንዴ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ፣ አንዴ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያለ መስመሮቹን ይይዛል። ዝም ተብሎ ከተገለበጠ እንቅስቃሴ ባለበት ሁሉ ምስሉ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። እስክስታ የሚመታ ሰው ትከሻ ላይ በደንብ ይታያል። ፕሮግራሙ ይህን ያስተካክላል፤ ማስተካከያውን ማብራት ብቻ ነው፣ የሚያስታውሰው ሰው ካለ። ሁለቱም ፕሮግራሞች በነፃ የሚገኙ ናቸው። ከመዋጮው ለፕሮግራም የሚወጣ አንድም ሳንቲም የለም።

አንድ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። እስካሁን የተመዘገበልን 340 ዲስክ ነው። ሁሉም ሙሉ ቢሆን 1.6 ቴራባይት ይሆናል። ከዲስኩ ያወጣነውን ሙሉ ቅጂ ሳንነካ እንዳለ በሃርድ ዲስክ እናስቀምጣለን፤ ትንሹን ኤምፒ4 ደግሞ ለባለቤቱ በፍላሽ እንሰጣለን። ልጆቻችሁ አረብ አገርም ይሁኑ አሜሪካ በቴሌግራም ይደርሳቸዋል፤ በአንድ ጊዜ እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። ስትልኩ ግን "ፋይል" በሚለው ላኩት። እንደ ተራ ቪዲዮ ከላካችሁት ጥራቱ ሊወርድ ይችላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ዋጋ ጠይቀናል። ያገለገለ ደህና ዴስክቶፕ 30 ሺህ ብር። ሁለት ዲስክ ማንበቢያ 10 ሺህ ብር። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ 50 ሺህ ብር። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ 15 ሺህ ብር። በድምሩ 105 ሺህ ብር ነው። ሃርድ ዲስኩ ሁለት የሆነው አንዱ በእድሩ ቢሮ፣ ሌላው በሌላ ብሎክ እንዲቀመጥ ነው፤ እሳትም ሌባም ሁለቱን አንድ ላይ እንዳያገኛቸው። ዩፒኤሱን ለምን እንደምንፈልግ የአካባቢያችንን መብራት ለምታውቁ ማስረዳት አያስፈልግም።

እድሩ ከመጠባበቂያው 25 ሺህ ብር ፈቅዷል። የእድሩን ዳኛና ሽማግሌዎቹን ከልብ እናመሰግናለን። የቀረው 80 ሺህ ብር ነው። 400 ቤተሰብ ነን፤ እያንዳንዱ ቤት 200 ብር ቢያዋጣ ይሞላል። የሌለው ሰው አይጨነቅ፣ ዲስኩ በእኩል ተራ ይሠራለታል። ያለው ደግሞ የጎረቤቱን ደርቦ ይክፈል። በእቃ መርዳት የምትፈልጉም አላችሁ። ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠ የሚሠራ ዴክ፣ ዲስክ ማንበቢያ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር፣ ሁሉም ይጠቅመናል። እባካችሁ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁን።

ገንዘቡን የሚቀበለው የእድሩ ገንዘብ ያዥ ብቻ ነው፤ ደረሰኝ ይሰጣል። በባንክ ወይም በቴሌብር ለምትልኩ ቁጥሩ በእድሩ ቢሮ በር ላይ በማኅተም ተለጥፏል። በስልክ ደውሎ "የዲቪዲውን መዋጮ ወደዚህ ላኩ" የሚል ሰው ካለ የእኛ አይደለም። የተገዛው እቃ ከነደረሰኙ በእድሩ ጉባኤ ላይ ይቀርባል።

ስለ ምስጢራችሁም ቃል እንገባለን። ሰርግ ውስጥ ሁሉም ሰው እንዲያየው የማይፈለግ ነገር አለ። የተፋቱ አሉ፣ የተጣሉ አሉ፣ ሲያዩት የሚያስለቅስ ፊት አለ። ስለዚህ ባለቤቱ ወይም የቤተሰብ ሰው አጠገባችን ቁጭ ብሎ እያየ ነው የምንሠራው። የተጎዳ ዲስክ ማደር ካለበት በፊርማ ተረክበን በማግስቱ በፊርማ እንመልሳለን። ቅጂው እድሩ ዘንድ ይቀመጥ የሚል ይፈርማል፤ አይቀመጥ ላለ ሰው ደግሞ እሱ እያየ ቅጂውን እናጠፋለታለን። ከገበያ የተገዛ ፊልምና የዘፈን ዲስክ ግን አንገለብጥም፤ የሰው ሥራ ነው። የምንሠራው ቤተሰብ ራሱ ያስቀረፀውን ብቻ ነው።

ማሽኑ እስኪገዛ ድረስ ዲስካችሁን ከመስኮትና ከቴሌቪዥን ላይ አንሱት። ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ በልባሱ አድርጉት። ከቆሸሸ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ወስዳችሁ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉት፤ እያዞራችሁ አትጥረጉ። ላዩ ላይ የተለጠፈውን የሙሽሮች ፎቶ ለመላጥ አትሞክሩ፣ ዲስኩን ሊጎዳው ይችላል። በጥርስ ሳሙና የሚያሹ አሉ። እባካችሁ ተዉ። የማይነሳ ዲስክም ቢሆን አትጣሉት፤ ዴክ "አላነብም" ያለውን ኮምፒውተር ያወጣበት ጊዜ አለ፤ ከ23ቱ አራቱ እንዲያ ነበሩ።

ምዝገባው ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በኮሚናሉ ነው። ስትመጡ ዲስኩ ላይ ያለው የማን ዝግጅት እንደሆነ፣ ዓመቱንና ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ኑ። አያት ካሉ አያትን ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል። ያለፈው ሳምንት አንዲት አሮጊት በአንድ የመልስ ድንኳን ውስጥ 30 ሰው በስም ጠርተው አጻፉን። ልጃቸው ከሦስቱ በቀር አያውቃቸውም ነበር።

ማሽኑ ሲገዛ የመጀመሪያው ተራ የእናታችን ነው። ምስሉ የቆመበትን ቦታ ጽፈን ይዘነዋል፤ 1 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ላይ ነው።