የትምህርት ምርጫ ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት ሄደሽ እዪ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ መሐል ሜዳ

እንደምን ሰነበታችሁ? የእማዬ ጉልበት ተሻላት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

እታለም፣ «ጤና መማር እፈልጋለሁ» ያልሽኝ ቀን ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ነበር። ግን «ዶክተር» የሚለው ምኞት ያንቺ ነው ወይስ የአባባ? እሳቸውን አክብሬ ነው የምጠይቅሽ። ሐኪምነት ትልቅ ሙያ ነው፤ ሆስፒታል ግን በሐኪም ብቻ አይቆምም። አዋላጅ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ፋርማሲስት፣ ራጅ የሚያነሳ ሰው አለ። ቀዶ ጥገና ሲደረግ የታማሚውን ትንፋሽ የሚጠብቀው ሰመመን ሰጪው ነው። እነዚህን ሙያዎች ሳታያቸው እንዴት ትመርጫለሽ?

እዚህ አሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሙያ ከመምረጣቸው በፊት አንድ ባለሙያ ተከትለው የሚውሉበት ልማድ አለ። እኔ በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያም ይመጣሉ። ከአልጋ የማይነሱትን ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ስናገላብጥ፣ ስናጥብ፣ ስናጎርስ ያያሉ። ደም ያስፈራኛል ብላ የመጣች አንዲት ልጅ ደሙን ቻለችው፤ የከበዳት ሽታውና የሽማግሌዎቹን ብሶት ቁጭ ብሎ መስማቱ ነበር። ይህን ቀድሞ ማወቅ ስንት ዓመት ያተርፋል!

አንቺም ጤና ጣቢያው ሄደሽ ኃላፊውን አስፈቅጂ። ታማሚው ካልፈቀደ ውጪ ቆዪ፤ ማንን እንዳየሽ ደግሞ ለእማዬም ቢሆን አትንገሪ። አገራችን ጠባብ ናት፣ የታማሚ ገመና መጠበቅ የሚጀመረው ከዚያው ነው። ባለሙያዎቹን አፍረሽ አትለፊያቸው፦ የሌሊት ተራ እንዴት ነው? ከሥራው ምን ይከብዳችኋል? ተመርቃችሁ ሥራ ለማግኘት ምን ያህል ቆያችሁ? ከዚያ ደብረ ብርሃን ውረጂና በዩኒቨርሲቲው የአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ የሚማሩትን አነጋግሪ። ፕሮፌሰር አሥራት ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም እንደነበሩ አባባ ያጫውቱሽ። የ12ኛ ክፍል ውጤትሽ ለዩኒቨርሲቲ ባይበቃ እንኳ እዚያው ከተማ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፤ በዚያ በኩል የገቡትንም ጠይቂ።

ጊዜውንም አስቢ። ነርስነትና አዋላጅነት 4 ዓመት፣ ፋርማሲ 5 ዓመት ነው፤ ሕክምና ከነኢንተርንሺፑ ከ6 ዓመት አያንስም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናውም ይከተላል። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ የአንደኛ ዓመት ውጤትሽ የምትመደቢበትን ዲፓርትመንት ስለሚወስን፣ ፍሬሽማንን እንደ ማረፊያ አትይው።

ባዮሎጂን ብቻ አትሸምድጂ፤ ሒሳብሽን አጠንክሪ። ለአንድ ኪሎ ክብደት 15 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ከታዘዘ፣ 12 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን 180 ሚሊግራም ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ነጥብ በተሳሳተ ቦታ ከገባች ግን ሕፃኑ አሥር እጥፍ ይወስዳል። እንግሊዝኛሽንም አትተዪ፣ ትምህርቱ በሙሉ በእሱ ነው።

አባባ፣ እርስዎንም አንድ ነገር ልለምንዎት። ልጅዎ አይታ «አዋላጅ ልሁን» ብትል፣ አነስሽ አይበሏት። እኛ አካባቢ በምጥ የተያዘች እናት በቃሬዛ ስንት ዳገት እንደምትወጣ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

ለደብረ ብርሃን መሳፈሪያና ለማደሪያ የሚሆን በባንክ ልኬልሻለሁ፤ እማዬ ታውጣልሽ። ያነጋገርሻቸው ምን እንዳሉሽ በደብተር ጻፊና እሑድ ስደውል አንብቢልኝ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አድርሱልኝ።

ወንድምሽ